በረኪናንና የበረሮ መርጫን በምን ልተካ?

የተከበራችሁ አንባብያን፣ አስም ያለባት ልጄ ቤቱ በበረኪና በተወለወለ ወይም የበረሮ መድኃኒት በተረጨ ቁጥር ስለምታስልና ትንፋሽ ስለሚያጥራት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኮንዶሚኒየም ቤታችን የምንጠቀምባቸውን ማጽጃዎች ጉዳታቸው ባነሰ ለመተካት ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ለወለልና ለዕቃ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ ለመስታወት ደግሞ በውኃ የቀጠነ አቼቶ በቂ ሆነውልኛል።

ያስቸገረኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ መቀመጫው ቢጫ እድፍና ሽታ ይይዛል። ጎረቤቶቼ በረኪናና አቼቶ ቀላቅዬ እንዳፈስበት ይመክሩኛል፤ ነገር ግን በበረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ንጥረ ነገር እንደ አቼቶ ካለ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ይህን ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። አቼቶ ብቻውን እድፉን ያለሰልሳል እንጂ ተሕዋስያንን በመግደል በረኪናን አይተካም። ታዲያ በቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲኖር፣ የልጄን ሳንባ ሳልጎዳ መጸዳጃ ቤቱን በምን ላጽዳው?

ሁለተኛው በረሮ ነው። ስንጥቆችን ብደፍንና ማታ ማታ ምግብ ብከድንም፣ በፍሳሽ መስመሩ በኩል ከሌሎች ቤቶች መምጣታቸው አልቀረም። ከስኳር ጋር የተለወሰ ቦሪክ አሲድ (በረሮ ሲበላው የሚገድለው ዱቄት) እንደሚረጨው መድኃኒት አየሩን ስለማይበክል ለልጄ የተሻለ ይመስለኛል፤ ሆኖም ሲዋጥ መርዝ ነው፣ ታናሽ ወንድሟም ገና እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ሕፃን ባለበት ቤት ይህን ማጥመጃ የት እና በምን ዓይነት ዕቃ እንዳስቀመጣችሁ፣ ወይም ሌላ መላ ካላችሁ፣ በዝርዝር ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።