ተርን (አራተኛው የጋራ ካርታ) ላይ ስደርስ ግራ ይገባኛል

ፖከር የምትችሉ እስቲ እርዱኝ። ኖ ሊሚት (የውርርድ ገደብ የሌለው ጨዋታ) ላይ ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ወይም ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታዎች) እየጠበቅኩ ዝም ብዬ ኮል ማድረግ (ተጋጣሚዬ ያስገባውን ያህል ብቻ ማስገባት) ከተውኩ ሰንብቻለሁ። ሬይዝ ነው የማደርገው፣ ውርርዱን ከፍ አደርጋለሁ። ተጋጣሚዬ ፈርቶ ፎልድ ካደረገ (ካርታውን ከጣለ)፣ የምጠብቀው ካርታ ሳይመጣም ፖቱ (መሃል ላይ ያለው ገንዘብ) የኔ ነው። እስከዚህ ገብቶኛል።

ችግሬ ኮል ሲሉኝ ነው። ትናንት የልብ 8 እና 9 ይዣለሁ። ፍሎፑ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች) የልብ ኪንግ፣ የልብ 7 እና ጥቁር 6። ፖቱ 100 ነበር። ሰውየው 60 አስገባ፣ እኔ 200 አደረግኩት። ኮል አለ። ተርኑ ጥቁር 2፣ ምንም አይረባኝም። እሱ ቼክ፣ ሳይወራረድ አለፈ። ፖቱ 500 ሆኗል፣ እኔ ጋ 400 ቀርቷል። ካላየኋቸው 46 ካርታዎች 15ቱ ያድኑኛል፤ ከሦስት አንዴ በሉት። ኦል ኢን ገባሁ፣ የቀረኝን ሁሉ ማለት ነው። ሳያመነታ ኮል! አስና ኪንግ ነበረው። (ቀስ ብሎ ሲገልጠው ነው ያበገነኝ።) ሪቨሩም (የመጨረሻው ካርታ) አልመጣልኝም።

መሸነፌ አይደለም የከነከነኝ። ቼክ ብዬ ሪቨሩን በነፃ ማየት ነበረብኝ? ወይስ ገና ፍሎፕ ላይ፣ ሁለት ካርታ እየቀረ ዕድሌ ከግማሽ በላይ ሳለ፣ ሁሉንም ማስገባት ይሻል ነበር? ፎልድ ማድረግ የማይወድ ሰው ላይስ እንዲህ መጫወት ያዋጣል? እናንተ ተርን ላይ ምን አይታችሁ ነው የምትወስኑት?