ፋብሪካ ማለት ድሮ ምን ነበር?

ሰላም ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ሮም ያለችው እህቴ «ፋብሪካ ዲ ሳን ፒዬትሮ» የሚል ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ቫቲካን ውስጥ ደግሞ የምን ፋብሪካ ነው? ሻማ ያመርታሉ እንዴ? ቃሉስ ላቲን ነው ጣልያንኛ?

— ሻማዋ ገደለችኝ 😂 ቃሉ የሁለቱም ነው። ላቲኑ ፋብሪካ ይላል፣ ጣልያኖቹ «ብ»ን ያጠብቋታል፣ እኛ ከጣልያን ወስደን አላላናት። ሥሩ «ፋቤር» ነው፣ ባለ እጅ ማለት፣ ብረት ቀጥቃጭም ይሁን አናጢ። ስለዚህ ፋብሪካ መጀመሪያ ፋቤሩ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነበር፣ ቀጥሎ ሙያው ራሱ፣ ከዛ ደግሞ የአንድ ነገር አሠራር ማለት ሆነ፣ ለምሳሌ የሰውነት አካል ሐኪሙ ቬሳሊየስ በ1543 ስለ ሰው አካል ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ «ፋብሪካ» አለ፣ አካላችን እንዴት እንደተሠራ ለማለት ነው እንጂ ጭስ የሚያወጣ ነገር የለበትም።

የእህትሽ ፎቶ ላይ ያለው ግን ግንባታ ማለት ነው፣ ግንባታውን የሚመራው አካልም በዛው ስም ይጠራል። ሳን ፒዬትሮ ማለት ቅዱስ ጴጥሮስ ነው፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በ1506 ተጀምሮ በ1626 ነው የተመረቀው፣ ጽሕፈት ቤቱ ዛሬም እድሳቱን ይከታተላል። ጣልያኖች አላልቅ ያለ ሥራ ሲያዩ «የሳን ፒዬትሮ ፋብሪካ ሆነ» ይላሉ፣ ኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ የሚጠብቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

— ሚላንም አለ፣ የዱዎሞው፣ ማለትም የከተማው ካቴድራል፣ ፋብሪካ ከ1387 ጀምሮ። እብነ በረዱ ከሚወጣበት ከካንዶሊያ በጀልባ ሲመጣ ቀረጥ እንዳይከፈልበት «ለፋብሪካው አገልግሎት» የሚል የላቲን ምህጻር ይጻፍበት ነበር፣ አ-ኡ-ፍ። በነጻ ለማለት ጣልያኖች «አ ኡፎ» የሚሉት ከዚህ መጣ ይባላል፣ የቋንቋ ሰዎች ግን ሁሉም አይቀበሉትም፣ እኔም ትንሽ አማረበት ብዬ እጠረጥረዋለሁ።

— ማንም ያላነሳትን እኔ ልጨምር። ላቲኑ ፋብሪካ ፈረንሳይ ሲደርስ ተሸራርፎ «ፎርዥ» ሆነ፣ የቀጥቃጭ ቤት ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ከዛ ወስዶ ብረት መቀጥቀጡንም ሰነድ አስመስሎ መሥራቱንም በአንድ ቃል ጠራው። እኛ ጋ «ፎርጅድ ዲግሪ» ምናምን የምንለው እሱ ነው።

— ቆይ ቆይ፣ ፎርጅድና ፋብሪካ ዘመድ ናቸው እያልከኝ ነው??

— የአንድ አያት ልጆች። አንዱ በጣልያን በኩል መጣ፣ አንዱ በእንግሊዝ።