የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) የጋዝ ቱቦ ሲዘረጋ ቫኪዩም ማድረግ ግዴታ ነውን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ በአር-32 ጋዝ የሚሠራ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ላስገጥም ነው። ባለሙያው ቱቦዎቹን ካገናኘ በኋላ ጥቂት ጋዝ ለቅቆ አየሩን ገፍቶ እንደሚያስወጣ፣ ቫኪዩም ፓምፕም (በቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) እንደማያስፈልግ ነግሮኛል። ይህ ትክክል ነውን? የውስጡንና የውጪውን ማሽን የሚያገናኙትን ሁለቱን ቱቦዎችስ፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን፣ በአንድ መሸፈኛ መጠቅለል ይቻላል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በዚህ አሠራር ፈጽሞ አይስማሙ። በቱቦው ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ከኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ከሚጨምቀው ክፍል) ዘይት ጋር ተዋህዶ አሲድ ስለሚፈጥር ማሽኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። አር-32 በመጠኑ ተቀጣጣይ በመሆኑም ሆን ተብሎ ሊለቀቅ አይገባም። በመጀመሪያ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት የሚያፈስ መገጣጠሚያ አለመኖሩ ይፈተሻል፤ ከዚያም ግፊቱ ከ500 ማይክሮን (እጅግ ዝቅተኛ ግፊት የሚለካበት አሃድ) በታች እስኪወርድ በፓምፕ ይሳባል፤ ፓምፑ ቆሞ ንባቡ ተመልሶ አለመውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ የውጪው ማሽን ቫልቮች ይከፈታሉ።

መልስ 2፦
ስለ መሸፈኛው ልጨምር። በእንዲህ ዓይነቱ ኤሲ ጋዙ ሰፍቶ የሚቀዘቅዘው በውጪው ማሽን ውስጥ ስለሆነ ቀጭኑም ቱቦ ይቀዘቅዛል፤ ራቁቱን ከተተወ ውኃ እያንጠባጠበ ግድግዳ ያበላሻል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቱቦ ለየብቻ ይሸፈን። ሲቆረጥም የመዳብ ብናኝ እንዳይገባበት ጫፉ ወደ ታች ይዘቅዘቅ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ፓምፕ ያለው ባለሙያ እፈልጋለሁ። ቱቦው 9 ሜትር ስለሚሆን ጋዝ መጨመር ያስፈልግ ይሆን?

መልስ 1፦
ከፋብሪካ የተሞላው ጋዝ የሚበቃው እስከተወሰነ ርዝመት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር የሚጨመረው ግራም በማሽኑ ማኑዋል ላይ ተጽፏል፤ በግምት ሳይሆን በሚዛን ይጨመር።