«3 ሚሊ ስፖንጅ ጨምሩበት» ላለው

ዘደጀን፦ ትናንት «የወታደር ሄልሜት ውስጥ 3 ሚሊ ስፖንጅ ቢጨመር የጭንቅላት ጉዳት በ24 በመቶ ይቀንሳል፤ ማርቆስ ፍራሽ ቤት ገብቶ ማስቆረጥ ነው» ያለው ሰው ወዴት ገባ? 24 በመቶውን ያወጣው የአሜሪካው ሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ነው፣ በ2011 እ.ኤ.አ.። ይቀንሳል ያለውም የራስ ቅል ላይ የሚያርፈውን ኃይል እንጂ ጉዳቱን አይደለም።

የቡሬው፦ አለሁ። ኃይሉ ከቀነሰ ጉዳቱ ይጨምራል ልትለኝ ነው?

ዘደጀን፦ ይቀንሳል፤ ግን 24 በመቶ ብለህ አትማልበት። ቤተ ሙከራው ያጠናው የአሜሪካ ጦር ሄልሜት የግጭት ፈተና በሴኮንድ 3 ሜትር ግድም ነው፤ ከግማሽ ሜትር እንደ መውደቅ። ከኦራል የጭነት መኪና ጀርባ፣ ከ1.5 ሜትር የወደቀው የሚመጣው በሦስት እጥፍ ጉልበት ነው። ስፖንጅህ ገና መሀል መንገድ ላይ ተጨምቆ ያልቃል፣ ቀሪውን የሄልሜቱ ጠንካራ ቅርፊት እንዳለ ለራስ ቅሉ ያስረክባል።

ማርቆሴ፦ የፍራሽ ስፖንጅማ በአውራ ጣት ይታጠፋል! የሄልሜት ትራስ ቀስ ሲሉት የሚለሰልስ፣ ድንገት ሲመቱት የሚጠጥር ነው። እሱም ቢሆን አየር ይለውጠዋል፤ ጮቄ ላይ ሌሊት ድንጋይ፣ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ቅቤ። ለዚህ ነው በብርድም በሙቀትም የሚፈተነው።

የቡሬው፦ ፍራሹን ተውኩት። የደህናውን ትራስ 3 ሚሊ ጨምሩበት።

ማርቆሴ፦ የት ላይ? ዙሪያውን 3 ሚሊ ስትጨምር ከራስ ልኩ 2 ሳንቲ ግድም ትበላለህ። ሄልሜቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጆሮ ግንድ ይጋለጣል። ወታደሩ ራሱን ሲያመው ከሰባቱ ትራስ ሁለቱን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ቤተ ሙከራውም እኮ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሄልሜት ይሁን ብሏል! እሷን ዘለልካት።

የቡሬው፦ አልዘለልኩም፣ ቁጥሩ ይጨመራ! ክብደት ነው የምትፈሩት?

ማርቆሴ፦ አንገቱ ያንተ ካልሆነማ ቀላል ነው።

የዳንግላዋ፦ ሁላችሁም ውፍረት ላይ ተቸክላችኋል። በሰያፍ የመጣ ምት አንጎልን ያሽከረክራል፤ ለዚያ ትራስ ማወፈር ብዙም አይፈይድም። ስዊድኖቹ ሄልሜት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሚሊ የሚንሸራተት ሽፋን ያደረጉት ለምን መሰላችሁ?

የቡሬው፦ እትዓለም፣ ያ ለብስክሌት ነው።

የዳንግላዋ፦ አንጎሉ የብስክሌተኛ ሲሆን ነው የሚሽከረከረው?

ጣና ዳር፦ የሞተር ሄልሜት ነጩ ፎም ይግባበትና ገላግሉን። ባሕር ዳር ሞልቷል።

ዘደጀን፦ ነጩ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ወታደር በቀን ስንቴ ከመኪና በር ጋር ይላተማል? ጥይት ሲቆም ደግሞ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ለዚያም ክፍተት ይፈልጋል።

የቡሬው፦ እንግዲያው ክፍተት ይሻላል? ወፍራም ትራስም ክፍተት ነው እኮ!

ማርቆሴ፦ ባዶ ክፍተትማ የፍንዳታ ማዕበል ገብቶ የሚያይልበት ነው፤ ትራሱ መንገዱን ካልዘጋው።

የቡሬው፦ በሉ ትራስ አወፍሩ። 3 ሚሊ ከየት ተጀመረ መሰላችሁ?

ዘደጀን፦ ከፍራሽ ቤት።