«ዘ ትዊስት» የማን ዘፈን ነው?

ሸክላ ወዳጅ፦ ሁሉም የቻቢ ቼከር ነው ይላል፤ የሃንክ ባላርድ ሸክላ ላይ ግን ይኸው ዘፈን አለ። የቱ ይቀድማል? ባንዳችን ሊጫወተው ስለሆነ የኮርዶቹን አካሄድም ብትነግሩኝ።

ቤዝ መቺ፦ የባላርድ ነው ወንድሜ። ከቡድኑ ከሚድናይተርስ ጋር በ1958 (በፈረንጆቹ) ቀርጾት፣ በ1959 በኪንግ ሸክላ ኩባንያ ሲወጣ የሸክላው ጀርባ ላይ ነበር፤ ፊቱን የያዘው «ቲርድሮፕስ ኦን ዩር ሌተር» ነው። ቼከር በ1960 ለፓርክዌይ ሸክላ ኩባንያ ሲዘፍነው የባላርድን አዘፋፈን ስለተከተለ ብዙዎች አይለዩአቸውም።

አካሄዱ ባለ 12 ባር ብሉዝ ነው (ባር ማለት አራት ምት ነው)። በኢ (E) ቁልፍ ከሆነ፦ 4 ባር ኢ፣ 2 ኤ (A)፣ 2 ኢ፣ 1 ቢ (B)፣ 1 ኤ፣ 2 ኢ። ብዙ ባንድ የሚሳሳተው 9ኛውና 10ኛው ባር ላይ ነው፤ ቢን ለሁለት ባር ይይዙታል። ድራመሩም እንዳይቸኩል።

ዳንሰኛው፦ የቼከሩ በአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ በመስከረም 1960 አንደኛ ወጣ፣ በጥር 1962 ደግሞ ተመልሶ አንደኛ! ሁለተኛውን ያመጣው ከወጣቶቹ ሌላ አዋቂዎችም በኒውዮርኩ የጭፈራ ቤት በፔፐርሚንት ላውንጅ መጨፈራቸው ነው። የትዊስት ጭፈራ ቀላል ነው፦ በእግር የሲጋራ ቁራጭ እንደማጥፋት፣ በእጅ ጀርባን በፎጣ እንደማድረቅ። ክብደቱ የእግር ፊት ላይ ይሁን፤ ተረከዝ ላይ ከቆማችሁ ጉልበት ይጠመዘዛል።