ድሬ ላይ ካሶኒ የት ይሰራ? ያየኋቸው ሦስት ቤቶች

አቦ፣ ካሶኒ (የጭነት መኪና የኋላ ሳጥን) ማሰራት ፈልገን ነበር ላላችሁ ልጆች ያየሁትን ልንገራችሁ። መኪናዬ አይሱዙ ኤንፒአር ነው፣ ከድሬ ሐረር እመላለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያሰራሁት ርካሹ ቤት ነበር። ስሙን አልጠራም። ቀለሙ ያምራል፣ ቶሎም አስረከቡኝ። ግን የካሶኒውን ፍሬም ከሻንሲው (የመኪናው ዋና አጽም) ጋር በየዱት። ዓመት ሳይሞላው ሻንሲዬ ከጋቢናው ኋላ ተሰነጠቀ። በጣም ነው ያዘንኩት። የደንገጎን ዳገት ጭኖ የሚወጣ መኪና ሻንሲው በየኩርባው ይጠማዘዛል፣ የተበየደው ቦታ ደግሞ በእሳት ተዳክሟል፣ አብሮ መጠማዘዝም አይችልም፣ ስለዚህ ስንጥቁ ከዚያው ይነሳል።

ለሁለተኛው ካሶኒ ሁለት ቤት አወዳደርኩ። ሳቢያን ሰፈር ያለው በዩ ቦልት (U ቅርጽ ባለው ቡሎን) ነው የሚያስረው። ቦልቱ ሲጠብቅ የሻንሲው ከንፈር (የታጠፈው ጠርዝ) እንዳይታጠፍ ውስጡ ጠንካራ እንጨት ይከታል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አጠገብ ግን እሳት እንዳይነሳ በእንጨቱ ፈንታ ብረት ያስገባል። ይሄን ሳይጠየቅ ሲያደርግ ሳይ ወደድኩት። ጉድለቱ፣ ዩ ቦልት ብቻውን ፍሬን ሲያዝ ካሶኒውን ወደፊት ከመንሸራተት አያግደውም። ኋላ በኩል ፕሌት (ጠፍጣፋ ማሰሪያ ብረት) ጨምርልኝ በሉት፣ ይጨምራል።

ከዚራ ሰፈር በኩል ያለው ይወደዳል፣ ቀጠሮውም ይረዝማል። የሚያስረው በፕሌት ነው፣ ሻንሲው ጎን ላይ ፋብሪካው በበሳቸው ቀዳዳዎች፣ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት በተጻፈበት ቡሎን። ከንፈሩን በትራፓኖ (መብሻ) አይነካም። ፊት ለፊት ያለውን ማሰሪያ ሞላ ያደርግበታል፣ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ካሶኒው እንዳይጎትተው። የፍሬሙንም የፊት ጫፍ በስላሽ ይቆርጠዋል፣ ክብደቱ አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ።

አትክልትና ደረቅ ጭነት ከሆነ የሳቢያኑ ይበቃችኋል። ገልባጭ ወይም የውሃ ቦቴ ለምታሰሩ ግን ከዚራ ሂዱ፣ ገንዘቡን አትሳሱ። የትም ብትሄዱ ብየዳ ሲጀመር የባትሪው ገመድ መነቀሉን ቆማችሁ እዩ፣ ካልተነቀለ፣ በተለይ አዲስ መኪና ከሆነ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል። የካሶኒውን ዓይነት የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ስለ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ቀድማችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያውን ጭነት አራግፋችሁ ስትመለሱ ዳዶዎቹን በሙሉ እንደገና አስጠብቁ። እንጨቱ ስለሚረግጥ ይላላሉ። የሳቢያኑ ሰውዬ ለዚህ ሳንቲም አይጠይቅም፣ እኔን እንዲያውም ለምን ዘገየህ ብሎ ተቆጥቶኛል።