የሞተር ሳይክል ክፍሎችን በቤት ውስጥ ስለ ማጽዳት

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሞተር ሳይክሌን ፈትቼ ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል)፣ የሞተሩን የጎን ክዳንና ሰንሰለቱን አውጥቻለሁ። ዘይትና አቧራ ተላቁጠው እንደ ሬንጅ ደርቀውባቸዋል። በቤንዚንና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈትግ ብውልም ሽታው ቤቱን ከመሙላቱና ራሴን ከማሳመሙ በቀር ብዙ አልረዳኝም። አንድ ወዳጄ ሁሉንም በኮስቲክ ሶዳ ዘፍዝፌ እንዳሳድር መክሮኛል። ምክሩ ተገቢ ነውን?

መልስ 1፦
ኮስቲክ ሶዳውን ይተዉት። የሞተር ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ከአልሙኒየም የሚሠራ ሲሆን፣ ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ የሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል፤ ስለዚህ አሳድረው ሲያወጡት ቆሻሻው ብቻ ሳይሆን የክፍሉም ገጽ ተበልቶና ጠቁሮ ያገኙታል።

ቤንዚኑንም ቢሆን ዛሬውኑ ከቤት ያስወጡት። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን የሚያወጣ ፈሳሽ ነው፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ሊያመጣ ይችላል። ነጭ ጋዝ ግን 38 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ካልሞቀ እንዲህ ያለ ተን አያወጣም፤ ቢሆንም እሱንም ከቤት ውጭ፣ ጓንት አድርገው ይጠቀሙበት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የደረቀውን ቆሻሻ አስቀድሜ በእንጨት እፍቃለሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ፈሳሹን በከንቱ ያቆሽሻል። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ነጭ ጋዝ ባለበት የብረት ሳህን ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ዘፍዝፌ በብሩሽ ካሸሁት በኋላ፣ በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቤ ወዲያው አደርቀዋለሁ። የብረት ክፍል ከሆነ እንዳይዝግ ስስ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

መልስ 2፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ካርቡሬተሩ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ከመዘፍዘፍዎ በፊት የጎማ ቀለበቶቹን በሙሉ ያውጡ፤ ጎማ በፈሳሹ ሊያብጥና መልሶ ላይገጥም ይችላልና። ነዳጅ የሚያልፍባቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች በሽቦ አይጎርጉሩ። ቀዳዳው በጥቂቱ እንኳ ከሰፋ የነዳጁና የአየሩ መጠን ይዛባል፤ እኔ በችኮላ አንዱን አስፍቼ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ከርሟል። የታመቀ አየር ይበቃል።

ሰንሰለቱ በመጋጠሚያዎቹ ላይ የጎማ ቀለበት ያለው ከሆነ በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ፤ የሽቦ ብሩሽ ቀለበቶቹን ይቆራርጣል። የፍሬን ክፍሎችን ግን ነጭ ጋዝ አያስነኳቸው፤ ውስጣቸው ያሉት ጎማዎች ይበላሻሉ፣ የፍሬን ሸራም ቅባት ከነካው አይዝም። ለእነርሱ የተዘጋጀ የፍሬን ማጽጃ አለ።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ሶዳውን ሳልከፍተው መልሻለሁ። የቆሸሸውን ነጭ ጋዝ ምን ላድርገው?

መልስ 1፦
ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን ያስቀምጡት። ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ የጠራውን ቀስ ብለው ገልብጠው ለሚቀጥለው እጥበት ያቆዩት፤ ዝቃጩን ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስቡ ሰዎች ይስጡ። ወደ ፍሳሽ ቱቦም ሆነ ወደ አፈር አይድፉት።